የቀበሌውን ስኳር ስላበላሸው የባሕር ውሃ

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በላይነህ
ዕድሜ፦ 46 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ ከቀበሌው ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤት
ጉዳዩ፦ በቀበሌው ሱቅ ስኳር ውስጥ ጨው በመገኘቱ ስለተያዘው ስለ አቶ ከማል የሱፍ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ ሐሙስ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ከንጋት ጀምሮ ሲጥል የዋለው ዝናብ ረገብ ብሎ ከጋፋት በኩል ጉም እየገባ ነው። በፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል የተገኘነው አሥር አለቃ እሸቴ፣ የተያዘው የከማል ባለቤት ወይዘሮ ሀዋ እና እኔ ነን። አሥር አለቃ ትናንት ከማልን ይዘው ሲመጡ ጭቃ አዳልጧቸው ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ስለታሰረ፣ ቃሌን በራሴ እጅ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ሲወድቁ ደግፎ ያነሳቸው ከማል መሆኑም እንዲጻፍ ወይዘሮ ሀዋ ጠይቃ፣ አሥር አለቃ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ይጻፍ» ብለዋል።

ወደዚህ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። በስኳሩ ውስጥ የተገኘው ጨው ከማል ያስገባው አይደለም፤ ከኔ ቤት የፈሰሰ ነው። ጨው ብቻም አይደለም፤ የባሕር ውሃ ነው። አሥር አለቃ እዚህ ላይ «ቀስ ብለው ከመነሻው ይጀምሩ» ስላሉኝ ከመነሻው እጀምራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ በላይነህ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነው። አምና ለፋሲካ ፈቃድ ሲመጣ ጀሪካን ሙሉ የባሕር ውሃ፣ በውሃው ውስጥም አንድ ዓሣ ይዞ መጣ። ዓሣው ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይበልጥም። መልኩ ቢጫ ሆኖ በጎኑ ሦስት ጥቁር መስመር አለው። ለመብል አይደለም። ደሳለኝ ከመስኮት መስተዋትና ከብረት ማዕዘን አንድ ሣጥን ሠርቶ፣ ዓሣውን እዚያ ውስጥ አደረገልኝ። ሲሄድም «እስክመለስ ጠብቂልኝ። እሱ ደህና ከሆነ እኔም ደህና ነኝ ብለሽ ተኚ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ደብዳቤው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። በማይመጣበት ጊዜ ዓሣውን አያለሁ።

አገራችን ብርድ ስለሆነ ማታ ማታ ሣጥኑን በጋቢ ሸፍኜ ከጎኑ ፋኖስ አስቀምጣለሁ። አሥር አለቃ «ጋቢ? ለዓሣ?» ብለው ጠይቀውኝ አዎ ብያለሁ። ጋቢው አሮጌ ነው።

ውሃው በትነት ሲቀንስ የዝናብ ውሃ እጨምራለሁ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና። ውሃው ሲቆሽሽ ግን ከፊሉን ደፍቼ አዲስ መበጥበጥ አለብኝ። ለዚህ የሚሆነውን ያልተፈጨ የባሕር ጨው የምገዛው ከጨው ነጋዴው ከከማል ነው። ልኩን የማውቀው በምላሴ ነው። ደሳለኝ የምጽዋን ውሃ በአንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በሰም ዘግቶ ትቶልኛል፤ መጀመሪያ ከጠርሙሱ፣ ቀጥሎ ከበጠበጥኩት እቀምሳለሁ። ሁለቱ እኩል ሲመሩኝ ይበቃል።

ብቻዬን የምኖር ሴት ይህን ያህል ጨው ስገዛ ከማል አንድ ቀን «እትዬ ጥሩ፣ ደህና ነዎት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። ሰው ዓሣ አሳድራ ጋቢ ታለብሳለች ብሎ እንዳይስቅብኝ ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት፤ ወላሂ ብሎ ማለልኝ። ለሀዋ መንገር ለሰው መንገር አይደለም ብሎ ለእሷ ብቻ ነግሯል። ከዚያ ወዲህ ጨው በመዘነልኝ ቁጥር «አደገ?» ይለኛል። እኔም «ደህና ነው» እላለሁ። ወንድ ልጅ ብቻዋን ወደምትኖር ሴት ቤት ስለማይገባ ዓሣውን አይቶት አያውቅም።

በሰኔ ወር የሣጥኑ ውሃ ደፈረሰ፤ ዓሣውም መብላት ተወ። ለደሳለኝ ጻፍኩ። ምላሹ በሰኔ መጨረሻ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፤ «ከላይ ሌላ ዕቃ አድርጊና መጠጊያ ሥሪ። በጠርሙስ የላክሁልሽን የባሕር ሣር እዚያ ትከዪ። በሣሩ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ ዓሣው እንዳይጨርሳቸው እዚያ ተጠግተው ይራቡ። ሣሩ ቆሻሻውን ይመገባል፤ ውሃው ከመጠጊያው ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ መጠጊያው ይዙር።» ደብዳቤውን ለአሥር አለቃ አስረክቤያለሁ። አሥር አለቃ ካነበቡት በኋላ «መጠጊያው የተሠራው ለነማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለነፍሳቱ ነው አልኳቸው። «ስንት ናቸው?» አሉኝ። ቆጥሬ እንደማላውቅ ተናግሬያለሁ። የጤፍ ፍሬ ያህላሉ፤ ጎብጠው ይዋኛሉ።

ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ጨውና በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት አልጥልም። ከነዚህ መካከል የተማሪ መጽሐፍ ቅጠል የሆነ አንድ አለኝ። ውሃ በጎማ ከከፍተኛ ዕቃ ወደ ዝቅተኛ ዕቃ ራሱን እየሳበ እንዴት እንደሚወርድ ሥዕልና ጽሑፍ አለው። ቅጠሉ ግን «ውሃው መውረዱን የሚያቆመው» ከሚለው በታች ተቀዷል። የሚያቆመው መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ሥራ ጀመርኩ። የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ ይህ ነው።

መደርደሪያ ላይ ሳፋ አስቀምጬ የባሕር ሣሩን ከነነፍሳቱ አደረግኩበት፤ መጠጊያው ይህ ነው። ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ የመስተዋት ሣጥኑ አለ። ከሣጥኑ ሥር ወለል ላይ አሥራ ሁለት ሊትር የሚይዝ ባልዲ አደረግኩ። እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ የተረፉ ሁለት የጉሉኮስ ጎማዎች ነበሩኝ። ከነመቆጣጠሪያቸው ስለሆኑ ውሃውን ቀጭን አድርገው ያወርዳሉ። አንዱ ከሳፋው ወደ ሣጥኑ፣ ሌላው ከሣጥኑ ወደ ባልዲው ይወርዳል። ባልዲው ሲሞላ እኔ አንስቼ ሳፋው ላይ እገለብጠዋለሁ። ሞተር የለውም፤ ሞተሩ እኔ ነኝ። ባልዲው ልክ በሦስት ሰዓት ይሞላል። ከሣጥኑ የሚወጣውን ጎማ አፍ ወደ ታች አጥልቄ፣ ከሣጥኑ ወለል አራት ጣት ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ፤ ከሥር የተኛውን ቆሻሻ ይስብልኝ ብዬ ነው።

እሑድ ሐምሌ 10 ቀን ከቅዳሴ መልስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱን ጎማዎች ከፍቼ ወደ ቀበሌው ስብሰባ ሄድኩ። የእሑዱ ስብሰባ ሁልጊዜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ያልቃል። ሦስት ሰዓት ስብሰባ፣ ሦስት ሰዓት ባልዲ ብዬ አስልቼ ነው። ባለፉት ሁለት እሑዶች ሳላጥለቀልቅ የቆየሁት በዚህ ስሌት ነው።

በዚያ ዕለት ከክፍለ ሀገር አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። ሰው ስለበዛ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ከሱቁ ርብራብ ሳንቃዎች መጥተው በድንጋይ ላይ ተጋድመው ተቀመጥንባቸው። ይህን የጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። እንግዳው የተናገረው ጊዜን ለልማት በአግባቡ ስለመጠቀም ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን «ወደ ዋናው ነጥብ ከመግባቴ በፊት» አለ። እኔ ባልዲው መሙላቱን አውቄያለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አጠገቤ ለተቀመጠችው ለእቴነሽ «ባልዲ እየሞላብኝ ነው» አልኳት።

«የምን ባልዲ? ዝናቡ እንደሆነ ለሁላችንም ነው የሚዘንበው» አለችኝ።

«መውጣት አለብኝ።»

«በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘውን አላየሽውም? እጅሽን አውጪና ሆዴን አመመኝ በይ።»

ሆዴን አመመኝ ለማለት አንድ ሰዓት ያህል ስደፋፈር ቆየሁ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አወጣሁ። ለካስ እንግዳው ንግግሩን አቋርጦ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አያሌው «ለሱቅ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሦስተኛ አባል የሚሆን ፈቃደኛ?» ብሎ ጠይቆ ኖሯል። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ቆሜ «ባልዲ...» ስል ጓድ አያሌው «ምስጋናው በኋላ ይሆናል፣ ጓድ ጥሩወርቅ፣ ቁጭ በዪ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ እንግዳው ወደ ዋናው ነጥብ ገባ። የተለቀቅነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው።

ቤቴ ስደርስ ባልዲው ሞልቶ ወለሉ ረጥቧል። በሣጥኑ ውስጥ አራት ጣት ውሃ ቀርቶ ዓሣው በጎኑ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ግን በሕይወት ነበር። ውሃው የቆመው የጎማው አፍ ካለበት ልክ ላይ ነው፤ የጎማው አፍ ውሃ ሲያጣ አየር ስቦ አቁሟል። በተቀደደው ወረቀት ላይ የጎደለው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ባልዲውን ወደ ሣጥኑ መልሼ፣ በእንስራ በጥብጬ ያቆየሁትን ጨምሬ ዓሣውን አዳንኩ። ከባልዲው ተርፎ የፈሰሰው አንድ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። የት እንደሄደ አላሰብኩም። ወለሉ አፈር ስለሆነ ጠጥቶታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በግድግዳው ሥር ወደ ሱቁ በኩል ጠቁሮ ያየሁትን ዝናብ ነው አልኩ።

ቤቴና ሱቁ ቀድሞ አንድ ቤት ነበሩ፤ መሐል ላይ ያለው ግድግዳ በኋላ የቆመ ስለሆነ መሠረት የለውም። ወለሉም ወደ ሱቁ ያዘነበለ ነው። ስኳሩ ሌላ ጊዜ የሚቀመጠው ርብራብ ላይ ነው። በዚያ ዕለት ግን ርብራቡ ላይ እኛ ተቀምጠንበት ስለነበር ስኳሩ ወለል ላይ ነበር።

ማክሰኞ ሐምሌ 12 ቀን ስኳር ታደለ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያየችው እቴነሽ ስትሆን ለኔ የነገረችኝ ነው። እንግዳው መንገድ በዝናብ ተበላሽቶበት በጓድ አያሌው ቤት አርፎ ነበር። ሻይ ቀረበለት። አንድ ብርጭቆ ጠጣ፤ ሲጨመርለትም ጠጣ። የአገሩ አጠጣጥ እንዲህ ይሆናል ብሎ ዝም ማለቱ ነው። ጓድ አያሌው ራሱ ሲቀምስ ግን እንትፍ አለ። እንግዳው ያን ጊዜ «ጨው የሚጨምሩበት ለጤና ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ አያሌው በዚህ በጣም አፍሯል፤ ቁጣውም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አሥር አለቃ «የሚመስልዎትን ተዉት፣ ያወቁትን ይጻፉ» ብለውኛል። ማፈሩን አውቃለሁ።

እኔ ይህን የሰማሁት ማክሰኞ ማታ ነው። እንደሰማሁ አወቅሁ። አውቄም ዝም አልኩ። ሣጥኑን የሚወስዱብኝ፣ ዓሣውን የሚደፉብኝ፣ የደሳለኝንም ደብዳቤ የሚይዙብኝ መሰለኝ። ዝም ያልኩት ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ከማል ተያዘ።

ከማል የተያዘው ረቡዕ ሐምሌ 13 ቀን ነው። ጓድ አያሌው «ስኳር ውስጥ ጨው ተገኘ። በዚህ ሰፈር ጨው ያለው ማነው? ጨው ነጋዴው። የቀበሌው ሱቅ ሲከስር የሚጠቀመው ማነው? እሱው ነጋዴው» ብሎ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ሲል ከሰሰ። አሥር አለቃ ከማልን «በቅርብ ጊዜ ብዙ ጨው ለማን ሸጠሃል?» ብለው ሲጠይቁት «ለአንድ ሰው ሸጫለሁ። ማን እንደሆነ ግን ስለማልኩ አልናገርም» ብሏል። አሥር አለቃ ይህ ቃል በእርግጥ የተሰጠ መሆኑን አሁን አረጋግጠውልኛል። ቅዳሜ መኪና ሲገኝ ወደ ጎንደር እንዲላክ ተወስኗል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ ጎንደር የተላከ ሰው ቶሎ ሲመለስ አላየሁም።

ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሀዋ ቤቴ መጣች። ደጃፍ ላይ ቆማ «እትዬ ጥሩ፣ ዓሣዎ ባሌን ዋጠው» አለችኝ። ግቢ ብላት አልገባ አለች። «ከማል ምላሱን ቢቆርጡት አይናገርም፤ አውቀዋለሁ። እኔ ግን አልማልኩም። ነገ እስከ ማታ እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔ እናገራለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ» ብላ ሄደች። አልተቀየምኩም።

ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሱቅ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አባላቱ ጓድ አያሌው፣ እቴነሽና እኔ ነን። ጓድ አያሌው በከማል ላይ የተጻፈውን ሪፖርት አነበበ። በመጨረሻው ላይ «በስኳሩ ውስጥ ለጊዜው ያልታወቁ መርዛማ ነፍሳትና የጥፋት ቅጠል ተገኝተዋል» ይላል። ማስረጃውን በክብሪት ቀፎ አድርጎ አሳየን። የኔ የባሕር ሣር ብጣሽና ሦስት የሞቱ ነፍሳት ናቸው። እቴነሽን አስፈርሞ እስክሪብቶውን ለኔ ሰጠኝ። የሦስታችንም ፊርማ ካልተሟላ ሪፖርቱ አይሄድም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ለምን? በሕዝብ ተመርጠሽ?»

«ነፍሳቱ የኔ ናቸው።»

«የምን ያንቺ?»

እቴነሽ «ጥሩ፣ ቅማል ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ ከዚያ በላይ መናገር ስላቃተኝ የክብሪቱን ቀፎ ይዤ ቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ጓድ አያሌው «ማስረጃ ይዛ ጠፋች» ብሎ ከኋላዬ ሲጮህ ሰምቻለሁ። አልጠፋሁም። ቀፎው ጠረጴዛው ላይ ነው።

አሥር አለቃ እሸቴ እስከዚህ ያለውን ከሰሙ በኋላ «ባሕር? ደብረ ታቦር ላይ? ቅርባችን ያለው ጣና ነው፤ እሱም ጨው የለውም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያላየሁትን እንዴት ልመን?» አሉኝ። ይህን ስለጠረጠርኩ የደሳለኝን ጠርሙስ ከደብዳቤው ጋር ጠዋት ከቤት ስወጣ ይዤ ነበር። በጣታቸው ቀመሱ፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ቀጥለው ለማስረጃ የተያዘውን ስኳር ቀመሱ። «ስኳሩን ትቶ ጨውን ብቻ ላስተዋለ፣ ነገሩ አንድ ነው» አሉ። ሆኖም ጓድ አያሌው «ሰውየውን ለማዳን የፈጠርሽው ነው» ሊለኝ ስለሚችል፣ አሥር አለቃ ነገ ጠዋት ሁሉም ባለበት በዓይናቸው ሊያዩ ይፈልጋሉ። እንደገና ጎርፍ እንደማያስነሳ ካላሳየሁም ሣጥኑ እንደሚወረስ ነግረውኛል። ቃሌ እዚህ ላይ ሳይፈረም ለነገ አድሯል።

አርብ ሐምሌ 15 ቀን 1975 ዓ.ም. ከዚህ በታች ያለው ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ጋቢውን ከሣጥኑ ላይ ገፈፍኩ፤ ዓሣው ወደ ፊት መጣ። ከሣጥኑ የሚወጣውን ጎማ ፈትቼ፣ አፉን ከውሃው ገጽ አንድ ጣት ብቻ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ውሃው አንድ ጣት ሲቀንስ አየር ስቦ ይቆማል ማለት ነው። ሳፋው ላይ ያለውን የጎማ አፍም እንዲሁ ከፍ አደረግኩ፤ ከአፉ በታች ያለው ውሃ ለሣሩና ለነፍሳቱ ይቀራል። ከአፉ በላይ ያፈሰስኩት ስምንት ሊትር ብቻ ነው። ባልዲው አሥራ ሁለት ስለሚይዝ፣ ከላይ ያለው ሁሉና ያች አንዲት ጣት ቢወርዱ እንኳ ባልዲው አይሞላም። ስለዚህ ሰው ስብሰባ ላይ ቢውልም ቢያድርም ለውጥ የለውም።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አሥር አለቃ እሸቴ፣ ጓድ አያሌው፣ እቴነሽና ሀዋ መጡ። አሥር አለቃ የክብሪቱን ቀፎ ከሳፋው አጠገብ ይዘው በውስጡ ያሉትን ነፍሳት ከሚዋኙት ጋር አስተያዩ። «እነዚህ ሞተዋል፣ እነዚህ በሕይወት አሉ፤ ዘራቸው ግን አንድ ነው» አሉ። ሁለቱን ጎማዎች ከፈትኩ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ተጠይቄ ሁለት ሰዓት ብያለሁ።

የሚቀመጡበት ስላልነበረኝ አሥር አለቃ «ከሱቁ ርብራቡን አምጡ» አሉ። እቴነሽ «አዳራሽ ነው» አለች። አሥር አለቃ «ማን አስወሰደው?» ብለው ጠየቁ። ጓድ አያሌው ዓሣውን ይመለከት ነበር።

ቆመው ጠበቁ። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ጓድ አያሌው ሥራ እንዳለው ተናገረ። አሥር አለቃ «ገና ዋናው ነጥብ ላይ አልደረስንም» አሉት። ከዚያ በኋላ ጓድ አያሌው መውጣት ፈልጎ ይሁን ልማድ ሆኖበት እጁን አወጣ። እቴነሽ ወዲያው አጨበጨበች። «ባልዲውን የሚያነሳ ፈቃደኛ ተገኘ!» አለች። አሥር አለቃም በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን መትተው አጸደቁ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ከሳፋው የሚወርደው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ከሣጥኑ የሚወርደው ጎማ ጉርጥ ጉርጥ ብሎ አየር ሳበና ቆመ። ባልዲው አፉ ላይ ሳይደርስ አራት ጣት ቀርቶት ነበር። በወለሉ ላይ ጠብታ አልነበረም። አሥር አለቃ አላመኑም፤ ሃያ ደቂቃ ሌላ ጠበቁ፤ ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ተነስተው «ጓድ አያሌው፣ ያ ወረቀት ይቅር» አሉ። ጓድ አያሌው ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ለእኔም ቀስ ብሎ «ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገርሽም?» አለኝ። ቁጭ በዪ ስላልከኝ ነው አልኩት። የተበላሸውን ስኳር እቴነሽ ለበሬዎች ይሰጥ ብላ ሐሳብ አቅርባ፣ ኮሚቴው በሦስት ድምፅ ተቀብሏል።

አሥር አለቃ ከማልን አምጡት ከማለታቸው በፊት ሀዋ ሄዳ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ከማል ደጃፌ ላይ ቆመ። «እትዬ ጥሩ፣ ልግባ?» አለ። ሰው ስላለ ይገባል አልኩት። ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ ውስጥ ፈለገ። መጀመሪያ ሳፋውን፣ ቀጥሎ ባልዲውን አየ። እኔ በጣቴ አሳየሁት።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

«እኔ እኮ ጨዉን እያሰብኩ ጥጃ የሚያህል መስሎኝ ነበር።» ዓሣው ወደ እሱ መጥቶ አፉን መስተዋቱ ላይ አደረገ። ከማል በጣቱ መስተዋቱን ነካ አደረገ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረ ሰው ነው፤ ፈገግ ሲል ግን አየሁት። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ሀዋ፣ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። እሷ ማለች።

ጓድ አያሌው ባልዲውን አንስቶ ሳፋው ላይ ገለበጠልኝ። ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ። እኔ ጋቢውን አጥፌ አስቀመጥኩ፤ ለደሳለኝም ዓሣው ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። ያደረግኩት ይህ ነው።

በገዛ እጄ የጻፍኩት ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁትና የሠራሁት ነው፤ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁ ጽፌያለሁ። ዝም ብዬ የቆየሁበትን ቀንም አልደበቅኩም። ከማል በጠየቀው መሠረት የዓሣው መጠን የተጠቀሰበት መስመር እንዲሰረዝ አመልክቼ፣ አሥር አለቃ እሸቴ የፖሊስ መዝገብ አይሰረዝም ብለዋል።

የምስክሯ ፊርማ፦ ጥሩወርቅ በላይነህ
ቃሉን ያረጋገጠው የሱቅ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አባል ፊርማ፦ ጥሩወርቅ በላይነህ (ሌላ አባል ለመፈረም ፈቃደኛ ስላልተገኘ)
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ እሸቴ (በግራ እጅ የተፈረመ)
የተለቀቀው ሰው ፊርማ፦ ከማል የሱፍ